ተልእኮ የካህናት ብቻ ነውን?

የወንጌል ተልእኮ ነገር በተነሣ ጊዜ ብዙ ሰዎች አንድ የተዘጋጀ መልስ አላቸው። ይኸውም፣ «ይህ የካህናትና የመምህራን ሥራ ነው፤ የምእመን ፈንታ ዐሥራቱን አውጥቶ፣ ቅዳሴውን አስቀድሶ በሰላም ወደ ቤቱ መግባት ነው» የሚል ነው። ካህኑም በበኩሉ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል እንጂ አይቃወምም፤ ርስቱን የነካበት የለምና። እንዲህ ሆኖ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ስሕተት ተስማምተው ይኖራሉ። አንዱ ከድካም ያርፋል፣ ሁለተኛው ክብሩን ይጠብቃል፤ በመካከል የሚጐዳው ቃሉን ሳይሰማ የሚሞተው ሰው ነው።

እንዲህ የሚሉት ሰዎች ማስረጃ የላቸውም አይባልም። ጌታ ከትንሣኤው በኋላ በገሊላ ተራራ ላይ ያዘዘው ዐሥራ አንዱን ደቀ መዛሙርት ነው ይላሉ። ደግሞም ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ በ10ኛው ምዕራፍ፣ ያልተላከ ሰው እንዴት ይሰብካል ብሎ መጠየቁን ያነሣሉ። ሁለቱም እውነት ነው። ዳሩ ግን በማቴዎስ ወንጌል በ28ኛው ምዕራፍ ያለው ትእዛዝ በመሄድ አያበቃም፤ አሕዛብ ጌታ ያዘዘውን ሁሉ ይጠብቁ ዘንድ እንዲማሩ ይጨምራል። ታዲያ ከታዘዘው ሁሉ መካከል የመሄዱ ትእዛዝ ብቻውን ተነጥሎ ለዐሥራ አንዱ እንደ ቀረ የሚያሳይ ቃል የት ይገኛል? የስሙም አወጣጥ ራሱ ይመሰክራል። ግሪኩ ሐዋርያን «የተላከ» ብሎ ሲጠራው፣ የግእዝ ተርጓሚዎች ግን ሄደ ማለት ከሆነው «ሖረ» ከሚለው ግስ «ሐዋርያ»፣ ሂያጅ አሉት። ማን ላከው ተብሎ ከመጠየቁ በፊት እግሩ ለመንገድ መነሣቱን አይተው ነው ቢባል፣ ከመንገድ የወጣ ትርጓሜ አይሆንም።

ወደ ሐዋርያት ሥራ የገቡ እንደ ሆነ ነገሩ ይልቁን ይገለጣል። እስጢፋኖስ በድንጋይ ተወግሮ ከሞተ በኋላ በኢየሩሳሌም ጽኑ ስደት ሆነ፤ ምእመናኑም ወደ ይሁዳና ወደ ሰማርያ አገር ተበተኑ። ወንጌላዊው ሉቃስ በ8ኛው ምዕራፍ ሐዋርያት ከተበተኑት ጋር እንዳልነበሩ ለይቶ ጽፏል። እንግዲህ ሐዋርያቱ በከተማ ሳሉ ወንጌልን ተሸክሞ ከከተማ የወጣው ማን ነው? ቤቱንና ንብረቱን ጥሎ የሸሸው ምእመን ነው እንጂ ሌላ አይደለም። በ11ኛው ምዕራፍም ከእነዚሁ ስደተኞች አንዳንድ የቆጵሮስና የቀሬና ሰዎች አንጾኪያ ደርሰው ለግሪኮች ስለ ጌታ እንደ ተናገሩ ይነበባል። የሰዎቹ ስም እንኳ አልተጻፈም። አንጾኪያ ግን ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉባት፣ ኋላም ጳውሎስንና በርናባስን ወደ አሕዛብ ያሰናበተች ከተማ ናት። የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ወሬውን በሰማች ጊዜ በርናባስን ሰደደች፤ እርሱም የተደረገውን ባየ ጊዜ ደስ አለው እንጂ፣ በማን ፈቃድ ጀመራችሁ ብሎ አልመረመራቸውም። ይልቁንም እስከ ጠርሴስ ድረስ ሄዶ ሳውልን መምህር አድርጎ አመጣላቸው። የቤተ ክርስቲያን ሥርዐት እንዲህ ነው፤ የተጀመረውን ሥራ ተከትሎ ያጸናዋል እንጂ ደጅ አያስጠናውም።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም የራሷን ልደት ብታስብ ከዚህ የተለየ አታገኝም። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሓፊ ሩፊኖስ ከኤዴስዮስ ከራሱ አፍ ሰምቶ እንደ ተረከው፣ በ4ኛው መቶ ዓመት የጢሮስ ፈላስፋ ሜሮጵዮስ ሁለት ብላቴኖች ይዞ ሲጓዝ፣ መርከቡ ከወደብ በቆመበት ሰዎቹ ተገደሉ፤ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ብቻ ተርፈው ለንጉሡ ተሰጡ። ኤዴስዮስ ጠጅ አሳላፊ ሆነ፤ ፍሬምናጦስ ደግሞ የንጉሡን ሒሳብና ጽሕፈት ያዘ። ንጉሡ ሞቶ ልጁ ገና ሕፃን ስለ ነበረ ንግሥቲቱ በመንግሥቱ ሥራ እንዲያግዟት ለመነቻቸው። ፍሬምናጦስም በዚያ ሥልጣኑ ከሮም ግዛት የመጡትን ክርስቲያን ነጋዴዎች እየፈለገ የጸሎት ስፍራ እንዲያበጁ ረዳቸው። በዚህ ሁሉ ዘመን ማዕርገ ክህነት አልነበረውም፤ ምርኮኛና የቤተ መንግሥት ጸሓፊ ነበረ። ወደ እስክንድርያ ወርዶ ለቅዱስ አትናቴዎስ ጳጳስ ይላክላቸው ብሎ የለመነው ምእመናኑ ከተሰበሰቡ በኋላ ነው፤ አትናቴዎስም ሌላ ሰው ሳይፈልግ እርሱን ራሱን ሾሞ መለሰው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እየተባለ የሚከበረው ይኸው ነው። ማዕርጉን እያከበሩ፣ ማዕርግ ሳይኖረው የደከመበትን ዘመን መርሳት አያምርም።

መቼም ያለ ሹመት ቀድሱ፣ አጥምቁ የሚል የለም። ምሥጢራት የካህን ናቸው፤ ክርክሩ ስለ ምስክርነት ነው።

ነገሩ የጥንት ዘመን ብቻ እንዳይመስል፣ የሂካን ታሪክ ማሰብ ይበቃል። ይህ የኦሮሞ ልጅ በሕፃንነቱ ተሰርቆ ለባርነት ከተሸጠ በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1870 ዓ.ም. በምጽዋ ነጻ ወጣ። በ1872 ተጠምቆ ኦኔሲሞስ ተባለ፤ ይህም ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና ስለ እርሱ የጻፈለት የባሪያው የአናሲሞስ ስም ነው። በ1886 ደግሞ አስቴር ጋኖ የተባለች ልጅ፣ በባሕር ወደ ባርነት ስትወሰድ የኢጣልያ መርከብ አስጥሏት፣ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ወዳለው የስዊድን ሚሲዮን ገባች። በ1893 አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ ታተመ፤ በ1894 ሁለቱ ያዘጋጁት የማንበቢያ መጽሐፍ ወጣ፤ በ1899 መላው መጽሐፍ ቅዱስ በስዊስ አገር ታትሞ ተፈጸመ። ሰውየው ወደ ነቀምቴ ከገባ በኋላ በ1906 ካህናት ከሰውት እንዳይሰብክ ተከለከለ።

ስለ ሃይማኖቱ ልዩነት መከራከር የሚሻ ይከራከር፤ ስፍራው ሌላ ነው። እዚህ ላይ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው። የኦሮሞ ሕዝብ ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ከክርስቲያኑ መንግሥት ጋር ሲጐራበት፣ ሲዋጋ፣ ሲጋባም ኖሯል። በዚያ ዘመን ሁሉ ዜማውን፣ ቅኔውንና ትርጓሜውን የተማረው ሊቅ ስንት ነበረ? መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ሕዝብ ቋንቋ ለማድረስ ግን የተሸጡ ልጆች ቀደሙት። ክሱ መነሣት የነበረበት በማን ላይ ነው?

በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት በ5ኛው ምዕራፍ ያለችው ብላቴናም ከእነዚህ ወገን ናት። ከእስራኤል አገር ተማርካ ለንዕማን ሚስት ገረድ ሆነች፤ ጌታዋ በለምጽ ሲሠቃይ አይታ በሰማርያ ያለውን ነቢይ አስታወሰች። ንዕማን ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ ግን የእስራኤል ንጉሥ ጠብ የተፈለገበት መስሎት ልብሱን ቀደደ። ነቢዩ በራሱ አገር ተቀምጦ ሳለ ንጉሡ ረሳው፤ በሰው ቤት ያለችው ምርኮኛ አልረሳችውም።

ዛሬም ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያት በቤይሩት፣ በዱባይና በሪያድ በሰው ቤት ያገለግላሉ። በሪያድ የቤተ ክርስቲያን ሕንጻ የለም፤ ጾሙንና ጸሎቱን በማእድ ቤት ጥግ የምትጠብቅ ሴት ማንም ሳይሾማት በዚያ የክርስትና ምስክር ናት። ከላብዋ ቆጥባ ለደብር ማሠሪያ የላከችው ገንዘብ በደረሰኝ ይመዘገባል። ስትሄድ ማን መክሮ፣ ማን ባርኮ እንደ ሸኛት ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ስትመለስም ያየችውን ትናገር ዘንድ በጉባኤ የሚያስቀምጣት የለም።

የተማረው የከተማ ሰው ደግሞ እንዲህ ርቆ መሄድ አያስፈልገውም። በቤቱ ከሩቅ አገር የመጣች ሠራተኛ አለች። እሑድ ጧት እርሱ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቅዳሴ ሲሄድ፣ እርሷ ቍርስ ልታሰናዳ ትቀራለች። ተመልሶ ከእንግዶቹ ጋር ስለ ስብከቱ ማማርና አለማማር ይጨዋወታል፤ ለእርሷ ግን ቡና አፍዪ ከማለት በቀር ቃል አይወጣውም። አማርኛዋ ሲሰበር ልጆቹ ይስቁባታል፣ እርሱም ይስቃል። በምን ቋንቋ እንደምትጸልይ፣ ወንጌልንም ሰምታ እንደ ሆነ አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም። ለስብከተ ወንጌል መዋጮ በተሰበሰበ ጊዜ ግን ስሙ በመዝገቡ ላይ ከፊተኞቹ ጋር ይገኛል።