አይሮፕላን ያዋሰ ብዕር አይቀማ

በአዳማ የቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጠን «ቶፕ ገን» የተባለውን በ1978 ዓ.ም. የወጣ የአሜሪካ ፊልም ያየን ሁሉ፣ «ሚግ 28» ተብለው በጠላትነት የቀረቡትን ጥቋቁር አይሮፕላኖች እናስታውሳለን። ነገር ግን ሚግ 28 የሚባል ተዋጊ አልነበረም፤ ጥቁር ተቀብተው የቀረቡት አሜሪካ ሠራሽ ኤፍ 5 አይሮፕላኖች ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን በወረረ ጊዜ፣ የኢትዮጵያ አብራሪዎች እውነተኞቹን ሚግ 21 የጣሉት በዚሁ በኤፍ 5 ነው።

የአየር ኃይላችን የበረራ ትምህርት ቤት የቆመባት ቢሾፍቱ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ልጆቻችን ግን የሆሊውዱን አብራሪ በስሙ ሲጠሩ፣ በሶማሊያ እስር 11 ዓመት የማቀቁትን የጄኔራል ለገሠ ተፈራን ታሪክ የሚነግራቸው ፊልም የላቸውም። ስለዚህ አየር ኃይሉ በሩን ለፊልም ሠሪዎች ይክፈት የሚሉትን እንደግፋለን። የምንቃወመው ከአይሮፕላኑ ጋር ተያይዞ የሚመጣውን የዝምታ ውል ነው።

የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1927 «ዊንግስ» ለተባለው ፊልም አይሮፕላንና በሺህ የሚቆጠር ወታደር ሰጥቷል፤ ፊልሙም ከፊልሞች ሁሉ የመጀመሪያውን የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ለ«ቶፕ ገን»ም የባሕር ኃይሉ መርከቡንና ተዋጊ አይሮፕላኖቹን ሲፈቅድ፣ ድርሰቱን አስቀድሞ መረመረ። በመጀመሪያ የባሕር ኃይል ባልደረባ የነበረችው የታሪኩ ሴት፣ ከመኰንን ጋር መፋቀሯ ደንብ ይጥሳል ስለ ተባለ ሲቪል ሆነች። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም በጥቂቱ የታዘዘ ብዕር በብዙውም ይታዘዛል።

ይህንኑ ልማድ ወደ ቢሾፍቱ ብናመጣው ምን ይሆናል? የ1969ኙ ጀግንነት ያለ ጥርጥር ይፈቀዳል። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በሐውዜን፣ በገበያ ቀን፣ በገዛ ወገኑ ላይ ቦምብ ያዘነበውም ግን ይኸው አየር ኃይል ነበረ። ይህንን የሚያሳይ ድርሰት ቢቀርብስ አይሮፕላን ያገኛልን?

«ንብረቱን ያዋሰ ስሙን ሊጠብቅ ይገባዋል» የሚሉ አሉ። አይሮፕላኑ ግን በሕዝብ ግብር የተገዛ ነው እንጂ የአዛዥ የግል ገንዘብ አይደለም፤ ከሕዝቡም መካከል የሐውዜን ልጆች አሉበት። የጦር ምሥጢር ይጠበቅ፤ ኀፍረት ግን የጦር ምሥጢር አይደለም። የጀግናውስ ታሪክ ቢሆን የሚታመነው፣ የበዳዩ ታሪክ ሳይሸሸግ አብሮ ሲነገር አይደለምን?

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የበረራው ወጪ ይከፈል፤ የሠራዊቱ ምርመራ በጦር ምሥጢርና በበረራ ደኅንነት ብቻ ይወሰን፤ ከዚያ አልፎ አንዲት ቃል ብትለወጥ በፊልሙ መግቢያ ላይ ለተመልካች ይገለጽ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ከሐውዜን ወዲህ ብዙ ሌሊት አድሯልና፣ ንጋቱን የሚጋርድ ውል ማንም እንዳይፈርም እናሳስባለን።