ሳይቃጠል በቅጠል

አንባቢ ሆይ፤ አስተማሪ የሆነ ሰው ሌላውን ማረም እንጂ ራሱ መታረምን አይወድም። እኔ ግን ባለፈው ሰሞን በቴፒ አጠገብ ከአንድ ተማሪዬ ቤት ገብቼ ታርሜ ወጣሁ።

እናቱ ለዘር የሚሆነውን በቆሎ ሳይፈለፍሉ ከነሽፋኑ ከምድጃው በላይ ሰቅለውታል። ይህን ልማድ በክፍል ውስጥ «የድሮ ሰው ሥራ» ብዬ ተማሪዎቹን ያሳቅሁበት እኔው ነበርሁ። ሴትዮዋ ግን፤ «መምህር፤ ጭሱስ ነቀዙን ያርቅልናል። ከተዘራ በኋላ ግን ማን ይጠብቀው?» አሉኝ።

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። መጤ ተምች የሚባለው ከአሜሪካ የመጣ ትል ወደ አገራችን መግባቱ የታወቀው በ2009 ዓ.ም. ሲሆን፤ መጀመሪያ የታየውም ቴፒ በምትገኝበት በየኪ ወረዳ ነው። ትሉ ከበቆሎው ቡቃያ መሐል ተሸሽጎ ይበላል። ተማሪዬ ማለዳ በእጁ ሲለቅም ከትምህርት ቤት ያረፍድ ነበር፤ እኔም ምክንያቱን ሳልጠይቅ ስቀጣው ኖሬአለሁ።

ለሴትዮዋ ጥያቄ የሚቀርብ መልስ በእንግሊዝ አገር ተገኝቷል። አንድን ተክል ትል ሲበላው፤ ተክሉ ጃስሞኒክ አሲድ የሚባል ነገር በውስጡ ያመነጫል። ይህም እንደ ደወል ሆኖ የትሉን ሆድ የሚያውክ መከላከያ እንዲያዘጋጅ ያነቃዋል። ስሙ የተወሰደው ከጃዝሚን አበባ፤ ማለት ከእኛው ጠምበለል ወገን ነው። የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2004 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፤ በዚሁ ነገር ከተነከረ የቲማቲም ዘር የበቀለው ተክል፤ አባጨጓሬን፤ ክሽክሽንና ቀይ ሸረሪትን ካልተነከረው ይልቅ ተቋቁሞ ተገኘ። ጥበቃውም ቢያንስ 8 ሳምንት ቆየ፤ የተክሉ እድገትም አልቀነሰም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይህ ነው።

እርግጥ የቲማቲም ውጤት ለበቆሎ ዋስ አይሆንም። እያንዳንዱ ሰብልና እያንዳንዱ ተባይ ለየብቻው መፈተን አለበት። ይሁን እንጂ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም ሆነ የቴፒ የእርሻ ምርምር ማዕከል ከደጃችን ናቸው። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ጥያቄውን ተሸክሞ የሚያደርስ ሰው ነው። ይህም ሰው በየእርሻ ጽሕፈት ቤቱ ሥራ የጀመርኸው ወጣትና ከምድጃ አጠገብ ያደግኸው ተማሪ ነህ።

እኔ በበኩሌ የተማሪዬን ቅጣት አንስቻለሁ። ከምድጃ በላይ በተሰቀለ በቆሎም ከእንግዲህ አልስቅም።