ከጠርሙስ የወጣ ጂን አያዋጣንም



በ1900 የታተመ «የናስ ጠርሙስ» የሚባል የእንግሊዛዊው ኤፍ. አንስቲ አስቂኝ ልብ ወለድ አለ። ለንደን ውስጥ አንድ ወጣት አርክቴክት አሮጌ ጠርሙስ ሲከፍት «ሱለይማን ያሰሩኝ ነኝ» የሚል ጂን ይወጣል። ጂኑ ውለታ ልመልስ ብሎ ይነሳል፤ ሀብት የጫኑ ግመሎች ደጁ ላይ ይሰለፋሉ፣ የእጮኛው አባት በቅሎ ሆነው ያርፉታል! ልጁ በመጨረሻ የሚመኘው ከጂኑ መገላገልን ብቻ ነው።

እንስቃለን። ግን ከመካከላችን ለትዳር፣ ለፈተና፣ ለቪዛ ብሎ «ጂን አለኝ» ባይ ጠንቋይ ዘንድ ገንዘቡን የሚያፈስ የለም? በጂኖች የተጠበቁ ሰዎች መከራ እንጂ ሌላ እንዳላተረፉ ሱረቱል ጂን ነግሮናል። በሱረቱ ሰበእ ደግሞ ነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) በትራቸውን እንደተደገፉ ሞተው ሳለ፣ ምስጥ በትሩን በልቶ እስኪወድቁ ድረስ ጂኖቹ አላወቁም። ዓይናቸው ሥር ያለውን ያላወቁ የእኛን ነገ ከየት ያውቁታል?

ወንድሞችና እህቶች፣ ዱዓችን የዘገየ ሲመስለን አንቸኩል። ኢስቲኻራ ስንሰግድ አላህን የምንለምነው ጉዳዩ ኸይር ከሆነ እንዲያገራልን፣ ሸር ከሆነ እንዲያርቅልን ነው። ይህን ልመና የትኛው ጂን ይችለዋል?