አብሮ ያልኖረ ሁሉ ያልተጋባ አይደለም፦ ስለ ትዳር ቪዛ የተሰጠ ምላሽ

ከጭሮ እስከ ገለምሶ፣ ከሂርና እስከ በዴሳ ባሉ የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፣ የትዳር አጋሩ ባሕር ማዶ ያለ ሰው የቪዛ ፎርም ሊያስሞላ ሲቀመጥ ቀድሞ የሚጠየቀው «አብራችሁ ኖራችኋል?» ተብሎ ነው። «አልኖርንም» ካለ የሚሰጠው ምክር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። አብሮ ያልኖረ ባልና ሚስት ቪዛ አያገኝም፤ ስለዚህ ውጭ ያለው ይምጣ፣ ቤት ተከራዩ፣ ጥቂት ወራት አብራችሁ ተቀመጡ፤ ይህ ካልተቻለ ቢያንስ በሁለታችሁ ስም የኪራይ ውል ይኑር ይባላል።

ይህን የሚሉት ፎርም የሚሞሉ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ምላሽ ለመጻፍ አልነሣም ነበር። ነገር ግን ሕግ የተማሩና ስለ ስደት የሚጽፉ ሰዎችም ይጋሩታል፤ በእነሱ አፍ ሲቀርብም ጠንከር ያለ ምክንያት አለው። ለቪዛ ሲባል የሚፈጸም የይስሙላ ጋብቻ መኖሩ አይካድም። ዲቪ ከደረሰው ሰው ጋር በገንዘብ ተስማምቶ መፈራረም በአገራችን ሲነገር የኖረ ነገር ነው። ወረቀት ይገኛል፣ ፎቶ በአንድ ቀን ይነሣል፣ በአንድ ቤት ለወራት መኖር ግን በቀላሉ አይመሰልም፤ ስለዚህ እውነተኛውን ትዳር ከሐሰተኛው የሚለየው አብሮ መኖር ነው ይላሉ። ሥጋቱ ትክክል ነው። መደምደሚያው ግን ስለ ሕጉም፣ በጨርጨር ምድር፣ በምዕራብ ሐረርጌ፣ ስለሚኖረው ትዳርም የተሳሳተ ነው።

ከሐረርጌ የወጡ ብዙ ቤተሰቦች በሜልቦርን ስለሚኖሩ ከአውስትራሊያ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የአገሪቱ የስደት ሕግ ባልና ሚስትን ሲተረጉም ለጋራ ሕይወት የተሰጠ የጋራ ቃል ኪዳን እንዲኖር፣ ግንኙነቱም እውነተኛና ቀጣይ እንዲሆን ይጠይቃል። ከዚያ ሁለት አማራጭ ያስቀምጣል፦ አብረው የሚኖሩ መሆን፣ አለዚያም በቋሚነት ተለያይተው የማይኖሩ መሆን። ሁለተኛው አማራጭ ሥራ፣ ድንበር ወይም ራሱ ቪዛው ያራራቃቸውን ሰዎች የሚያቅፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአገሪቱ የፌደራል ፍርድ ቤት ሙሉ ችሎት ይህንኑ ጉዳይ መርምሮ፣ ያልተጋቡ ጥንዶች እንኳ ከማመልከታቸው በፊት በአንድ ቤት የኖሩ መሆን እንደማይጠበቅባቸው ወስኗል። ያልተጋቡት ይህን ያህል ከተፈቀደላቸው፣ ኒካህ ያሰረ ወይም በማዘጋጃ ቤት የፈረመ ሰው «አብረህ ስላልኖርክ ተስፋ የለህም» የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም።

የአውስትራሊያ ደንብ መርማሪው እንዲያያቸው የሚያዝዛቸው ነገሮች አራት ናቸው፦ የገንዘብ ጉዳይ፣ የቤት አያያዝ፣ ማኅበራዊ ሕይወትና የሁለቱ የእርስ በርስ ቃል ኪዳን። አብሮ የመኖር ርዝማኔ በእነዚህ ውስጥ አንዱ የሚታይ ነገር ነው፤ ብቻውን በር የሚከፍትና የሚዘጋ ግን አይደለም።

አሜሪካ ያለ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ለትዳር ጓደኛው ሲያመለክትም አብሮ የመኖር ቅድመ ሁኔታ የለም። የሚጠየቀው ጋብቻው ሲፈጸም ሁለቱ በእውነት ሕይወት ሊመሠርቱ አስበው እንደሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ባርክ በተባለው ጉዳይ፣ ከሠርግ በኋላ መለያየት ብቻውን ጋብቻውን ሐሰተኛ እንደማያሰኝ፣ የውጭ ዜጋም ከአገሬው ሰው የተለየ ወይም የተሻለ ትዳር እንዲያሳይ ሊገደድ እንደማይችል ወስኗል። የስደት ይግባኝ ቦርዱም እ.ኤ.አ. በ1980 ማኪ በተባለው ጉዳይ ተመሳሳይ አቋም ይዟል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2012 የተወሰነው የጎዲ ጉዳይ ከእኛው ጎረቤት ከሱዳን የመጣ ነው፤ ችሎቱ የስልክ ካርዶች እንኳ ባልና ሚስቱ ይነጋገሩ እንደነበር ሊደግፉ እንደሚችሉ፣ ጥርጣሬ የሚጭር ሌላ ነገር ከሌለም እንዲህ ያለው ማስረጃ ሊበቃ እንደሚችል ተናግሯል። ላልተጋቡ ጥንዶች ለዓመታት የቆየው የሁለት ዓመት አብሮ የመኖር ግዴታም እ.ኤ.አ. በ2024 ተነሥቶ፣ ለሁለት ዓመት ትዳርን የሚመስል ግንኙነት መኖር በቂ ሆኗል።

ለተቃራኒው ወገን የሚሆን አገርም አለ። ካናዳ ሳይጋቡ የሚኖሩ ጥንዶችን የምትቀበለው ቢያንስ አንድ ዓመት አብረው ከኖሩ ነው። ሆኖም ግዴታው የተጋቡትን አይመለከትም፤ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት አብረው መኖር ላልቻሉ ጥንዶችም ሌላ መደብ አላት። ያልተጋቡትን የሚገዛውን የካናዳ ደንብ ወስዶ ኒካህ ላሰረች የበዴሳ ልጅ ማስፈራሪያ ማድረግ ስሕተት ነው።

ብዙ ሰው የሚያምታታው ግን ሌላ ነገር አለ። ሕጎቹ በርትተው የሚጠይቁት መገናኘትን ነው። የአሜሪካው የእጮኛ ቪዛ ሁለቱ ከማመልከቻው በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአካል ተገናኝተው እንዲሆን ያዝዛል፤ የአውስትራሊያውም እጮኛሞች በአካል ተያይተው እንዲያውቁ ይፈልጋል። ሁለት ሳምንት የተገናኘ ሰው ይህን ያሟላል። «ተገናኙ» የሚለው ሕግ ጭሮ ሲደርስ «ቤት ተከራይታችሁ ኑሩ» ሆኖ ሲነገር፣ የአንድ ሰው የዓመት ፈቃድ ወደ ሥራ ማጣት ይቀየራል። የአውስትራሊያ የሠራተኛ ሕግ ለቋሚ ሠራተኛ በዓመት የሚሰጠው የክፍያ ፈቃድ አራት ሳምንት ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የግል አሠሪ የክፍያ ፈቃድ እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌደራል ሕግ የለም። መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ባል ሦስት ወር ጭሮ ቢቀመጥ፣ ለሚስቱ ስፖንሰር ለመሆን የሚያቀርበውን የገቢ ማስረጃ በገዛ እጁ ያጠፋል።

አሁን ወደ ራሳችን ትዳር ልምጣ። ወደ ሳውዲ ወይም ወደ ጅቡቲ የተሻገረ ባል ያላት ሴት በጭሮ ያላገባች ተብላ አታውቅም። የፌደራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ተጋቢዎች አብረው የመኖር ግዴታ እንዳለባቸው ካሰፈረ በኋላ፣ ተስማምተው ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ተለያይተው መኖር እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ኦሮሚያ በ1995 የወጣ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው የጭሮ ነዋሪ የሚዳኘው በዚያ ነው፤ የፌደራሉን የጠቀስኩት ተስማምቶ ተለያይቶ መኖር ለኢትዮጵያ ሕግ እንግዳ አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

አንዲት የሂርና ልጅን እናስብ። ኒካሗ የታሰረው ሸዋል 10 ቀን 1443 ነው። ባሏ ከሜልቦርን ለዓመት ፈቃዱ መጥቶ አራት ሳምንት ተቀምጦ ተመለሰ፤ እሷ አባቷ ቤት ቀረች። በቀበሌ የጋብቻ ምዝገባው ላይ ግንቦት 3 ቀን 2014 ተብሎ ተጻፈ፤ በቪዛ ፎርሙ ላይ ሜይ 11 ቀን 2022 ሆነ። ሦስቱም አንድ ቀን ናቸው። ግን ትርጉሙን የሠራው ሰው አንዱን ሳይቀይር ቢተወው ወይም የተመዘገበበትን ቀን የተጋቡበት ቀን አድርጎ ቢያስገባው፣ መርማሪው ፊት ሦስት የተለያዩ ጋብቻዎች ይቀመጣሉ። ብዙ ፋይል የሚሰናከለው አብሮ ባለመኖር ሳይሆን እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሦስቱን የዘመን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን የሚያስረዳ አንድ ገጽ ከኪራይ ውሉ ይልቅ ይጠቅማት ነበር።

የገንዘቡም ነገር እንዲሁ ነው። ባሏ በየወሩ ገንዘብ ይልካል፤ የሚልከው ግን ሜልቦርን ላለ ሰው ዶላር ሰጥቶ፣ የዚያ ሰው ወንድም ሂርና ላይ ብር እንዲያስረክብ በማድረግ ነው። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬን በገበያ እንዲወሰን እስካደረገበት እስከ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ድረስ በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ልዩነት ሰፊ ስለነበረ፣ ብዙ ሰው ደረሰኝ የሚገኝበትን መንገድ ትቶ በዚህኛው ሄዷል። ለቤተሰቡ የተሻለ ብር ደረሰው፤ ለትዳሩ ግን ማስረጃ አልቀረለትም። ይህ ክፍተት የሚሞላው በሚስትየዋ የባንክ ደብተር ላይ በየወሩ በገባው ብር፣ ባደረሰው ሰው ጽሑፍና በግልጽ ማብራሪያ ነው። ከአሁን በኋላ ደግሞ በባንክ ወይም በሕጋዊ አስተላላፊ መላክ ይሻላል፤ በየወሩ ትንሽም ብትሆን።

የስልኩ ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። ሰዉ የሚነጋገረው በኢሞና በዋትስአፕ ነው፤ ስልክ ሲጠፋ ወይም ሲቀየር የዓመታት ንግግር አብሮ ይጠፋል። ቀደም ብለው ለተጋቡት ደግሞ ሌላ ክፍተት አለ። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት፣ ሰኔ 23 ቀን 2012፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። የዚያ ወር የጥሪ መዝገብ ባዶ መሆኑ ትዳሩ ባዶ ስለነበረ አይደለም። አውስትራሊያም እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2020 ጀምሮ ድንበሯን ዘግታ፣ የራሷን ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች እንኳ እስከ ኅዳር 2021 ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይወጡ ከልክላ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ያልተገናኘ ጥንድ ቀኖቹን ጠቅሶ ቢያስረዳ፣ እንዳይገናኙ የከለከለው መንግሥት ራሱ ምስክራቸው ነው።

የሂርናዋ ልጅ ያላት ማስረጃ ይህ ብቻ አይደለም። የባሏ እናት ጭሮ ሆስፒታል ተኝተው ያስታመመቻቸው እሷ ናት፤ ስሟ እዚያ አስታማሚ ተብሎ ተጽፎ ይሆናል። ሽማግሌ ሆነው የሄዱት ሰዎች በሕይወት አሉ። አማቷ ቤት ለዒድ ሄዳ የተነሣችው ፎቶ አለ፤ ባሏ በፎቶው ውስጥ የለም፣ ቤተሰቡ ግን ሙሉ ነው። ፎርም ሞይው «እሱ የሌለበት ፎቶ አይጠቅምም» ብሎ ያወጣዋል። የአውስትራሊያ ደንብ ግን ጥንዶቹ በሌሎች ዘንድ እንደ ባልና ሚስት መታየታቸውን መርምር ይላል፤ ይህ ፎቶ የሚመልሰው እሱን ነው። ለቪዛ ብቻ የተፈራረሙ ሰዎች የማያውቁትን አማት ሆስፒታል ሲያስታምሙ አይገኙም።

«በቀላሉ አይመሰልም» የተባለው የአብሮ መኖር ማስረጃም ሲታይ እንደሚባለው አይደለም። የኪራይ ውል አከራዩ ከፈረመ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ለማስመሰል የሚያስቸግረው ማንም ይጠይቀኛል ብሎ ሳያስብ በዓመታት ውስጥ ያጠራቀመው ጥቃቅን መዝገብ ነው። ሐሰተኛው ውል የሚያስከትለው ደግሞ ከባድ ነው። አውስትራሊያ ሐሰተኛ ሰነድ ወይም አሳሳች መረጃ ላቀረበ ሰው ሌላ ቪዛ እንዳያገኝ የምትከለክለው ለሦስት ዓመት ነው። አሜሪካ ደግሞ በማጭበርበር ቪዛ ለማግኘት የሞከረን ሰው በልዩ ምሕረት ካልሆነ በቀር ለዘለቄታው ልትከለክለው ትችላለች። እውነተኛ ትዳር ያላት ሴት «አልኖርንም፣ ምክንያቱም...» ብላ ልትጽፍ ስትችል በማያስፈልጋት ውሸት የምትወድቅበት መንገድ ይኸው ነው። ይህ ምክር በቅንነት እንደሚሰጥ አውቃለሁ፤ ጉዳቱን ግን አይቀንሰውም።

ምክሩ የሚያደርሰው ሌላ ጉዳትም አለ፤ እሱን የሚያነሣ ሰው አላየሁም። ከሐረርጌ ወጥተው በስደተኝነት ጥበቃ ያገኙ ሰዎች አሉ። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንድ ስደተኛ በፈቃዱ ወደ አገሩ መንግሥት ጥበቃ ከተመለሰ የስደተኝነት መብቱ ሊያበቃ እንደሚችል ይደነግጋል። እንዲህ ያለውን ሰው «ና ጭሮ ተቀመጥ» ማለት ሚስቱን የሚያመጣበትን መብት አደጋ ላይ እንዲጥል መምከር ነው። ለእሱ መገናኛው ናይሮቢ፣ ካምፓላ ወይም ጅቡቲ ነው፤ የአውቶቡስና የአውሮፕላን ትኬቱ፣ የሆቴሉ ደረሰኝና የድንበር ማኅተሙም ማስረጃ ይሆኑታል።

በወኪል የተጋቡትን በተመለከተ ግን የምከራከርላቸው ብዙ የለኝም። በአካባቢያችን ባል ውጭ ሆኖ ወንድሙ ወይም አጎቱ ወክሎት ኒካህ መታሰሩ የተለመደ ነው፤ በሃይማኖቱም ትክክል ነው። ነገር ግን ካናዳ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2015 ጀምሮ በወኪል፣ በስልክና በኢንተርኔት የተፈጸመን ጋብቻ ለስፖንሰርነት አትቀበልም። አሜሪካ ባልና ሚስቱ ከጋብቻው በኋላ በአካል ተገናኝተው ግንኙነታቸውን ካልፈጸሙ አታውቀውም። የፌደራሉ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 12 ራሱ እያንዳንዱ ተጋቢ በአካል ተገኝቶ እንዲስማማ ያዝዛል፤ በወኪል የሚፈቀደው በልዩ ምክንያትና በፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ ነው። ስለዚህ ኒካሑ ገና ያልታሰረ ከሆነ ባልየው እስኪመጣ ወይም ሦስተኛ አገር ላይ እስኪገናኙ ማቆየት፣ ታስሮ ከሆነ ደግሞ ፎርሙ ከመሞላቱ በፊት መገናኘትና ስፖንሰሩ ባለበት አገር ፈቃድ ያለው የስደት ሕግ ባለሙያ ጋብቻው እንደገና በአካል መፈጸም ያስፈልገው እንደሆነ እንዲያይ ማድረግ ይገባል።