ፎርማት ከማለታችን በፊት

ኮምፒውተር ቡት አላደርግ ሲል ብዙዎቻችን መልሳችን አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ!» እኔ በዚህ አልስማማም። የመጣሁት ከቢዮ አዋሌ ነው። የእኛ አገር መምህር ላፕቶፑን ይዞ ድሬዳዋ ከተማ ድረስ የሚመጣው ውስጡ ላለው የተማሪዎች ማርክ ብሎ ነው፤ ሌላ ኮፒ የለውማ።

ዲስኩ ሳይበላሽም ማሽን አልነሳ ይላል። ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየው ኤምቢአር ከ4 ዋና ፓርቲሽን በላይ አይዝም፤ 2 ቴራባይት አካባቢም ይቆማል። በዩኢኤፍአይ የሚነሳ ዊንዶውስ ደግሞ ጂፒቲ ይፈልጋል። ስለዚህ ኢንስቶለሩ «እዚህ ዲስክ ላይ አይጫንም» ካለን፣ መጀመሪያ ፍላሹ በየትኛው ሞድ እንደተነሳ እንይ። ሊኑክስ ከተጫነ በኋላ ዊንዶውስ «ጠፋ» ሲባልም ብዙ ጊዜ ፋይሉ በቦታው አለ፤ የተለወጠው የማስነሻው ቅደም ተከተል ነው።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። በአሮጌ ማሽኖች ላይ አዲስ ሲስተም መጫን ይበዛል ማለት ነው። እንግዲህ በላብ ክፍለ ጊዜያችን ኡቡንቱን ሳንጭን ከፍላሽ አስነስቶ ፋይል መገልበጥን ቀድመን እንልመድ። ፎርማቱ ከዚያ በኋላም ይደርሳል።