ጤናችን፦ የቱ ነው ደህናው እግር?

በዚህ ዕትም የምንጽፈው ሁለቱንም ዳሌያቸውን በቀዶ ሕክምና አስቀይረው፣ እዚህ ሃይፋ በሃዳር ሰፈር አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሚኖሩ አንዲት እናት ነው። ስማቸውን እንዳንጠቅስ ለምነውናል፤ የደረሰባቸውን ግን «ሌላው እንዲጠነቀቅ ጻፉት» ብለውናል።

በዳሌ መጋጠሚያ ላይ ያለው ልስልስ ሽፋን ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል። ሐኪሞች ያለቀውን አውጥተው ከብረት፣ ከፕላስቲክ ወይም ከሴራሚክ የተሠራ ይተኩበታል። ሁለቱም ወገን ሲታመም አንዳንዱ በአንድ ቀን፣ ሌላው በወራት ልዩነት ይሠራለታል። የእኚህ እናት በአምስት ወር ልዩነት ነበር።

ከሁለተኛው ቀዶ ሕክምና በኋላ ነርሷ ማድረግ የሌለባቸውን ሁሉ በዕብራይስጥ ዘርዝራ ነገረቻቸው። አስተርጓሚው የ12 ዓመት የልጅ ልጃቸው ነበር። ልጁም «ሳቭታ፣ ቀስ ብለሽ ሂጂ ብላለች» አላቸው፤ በቃ። ነርሷ ግን ጉልበት ከዳሌ በላይ በሚሆንበት ዝቅተኛ መቀመጫ አይቀመጡ፣ እግርዎን አያጣምሩ፣ ከመሬት ዕቃ ለማንሣት አያጎንብሱ፣ የእግርዎን ጣት ወደ ውስጥ አያዙሩ ብላ ነበር። ከኋላ በኩል ለተሠራለት ሰው ይህ ጥንቃቄ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይቆያል።

ቤት በገቡ በዐሥረኛው ቀን ጎረቤት ሊጠይቃቸው መጣ፤ ቡና ተፈላ። ልጃቸው ከፍ ያለ ወንበር ብታቀርብላቸው «ቄሱ ዝቅ ብለው ተቀምጠው እኔ ከበላያቸው?» ብለው በርጩማው ላይ ዝቅ አሉ። ዳሌያቸው ወለቀ። በአምቡላንስ ተመልሰው በማደንዘዣ ተመለሰላቸው።

በልጁ አንፈርድም፤ የኛም ልጆች ስንት ጊዜ ተርጉመውልናል! ነገር ግን የጤና ሚኒስቴር በ2011 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ለታካሚው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል። ስለዚህ ገና ከቀዶ ሕክምናው በፊት «አኒ ጽሪኻ መቱርገማን ለአምሃሪት» በሉ፤ ወንድ ከሆነ «ጻሪኽ»። አንዳንዴ ተርጓሚው በስልክ ይገኛል። ትእዛዙንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ደረጃን በተመለከተ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ሕግ አላቸው፤ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ ታማሚው። እኚህ እናት ይህን ሲሰሙ «ሁለቱም ተሠርተው የቱ ነው ደህናው?» ብለው አስቀዋቸዋል። መልሱ ግን አለ፦ የበረታው፣ ማለት ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የተሠራው ነው። ከተማችን ተራራ ላይ ነችና ይህን ሕግ ሳይማሩ ከሆስፒታል አይውጡ። ከ1959 ጀምሮ ቀርሜሎስን የሚወጣው ካርመሊትም ቢሆን በመሐል ያሉት ጣቢያዎቹ ደረጃ የበዛባቸው ናቸው።

ሃሊሆን የሚባለውን መራመጃና የመጸዳጃ ቤት ማስቀመጫ ከፍ ማድረጊያ መግዛት የግድ አይደለም። በ1976 የተቋቋመው ያድ ሳራ በመያዣ ገንዘብ ያውሳል፤ ዕቃው ሲመለስ መያዣው ይመለሳል። ደም የሚያቀጥነውን መድኃኒት ሐኪሙ ያዘዘው ቀን ሳያልቅ አያቋርጡ። ባታቸው ቢያብጥና ቢያማቸው ሳይውሉ ሳያድሩ ለሐኪም ይንገሩ፤ በድንገት ትንፋሽ ቢያጥራቸው ወይም ደረታቸውን ቢወጋቸው ወደ 101 ይደውሉ። ወጌሻ ጎበዝ ቢሆንም አዲሱን መጋጠሚያ እንዳያሽ። ይህን ስንጽፍ የሚቀየሙን እንዳሉ እናውቃለን።

ከወለቀ ሦስት ወር አልፎታል። ባለፈው ሳምንት ስንጠይቃቸው ረከቦቱ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ አገኘነው። ቄሱም፣ ጎረቤቶቹም፣ እኛም ወንበር ላይ ተቀምጠን እስከ በረካ ጠጣን።