በዚህ ክረምት ምን እናንብብ?

ክረምቱ ገባ። ማሳው አራሽ ይፈልጋል፤ ዘሩ እንዳለቀ ደግሞ አረሙ ይከተላል። በማታው ትምህርታችን መደቡ ላይ የሚቀመጠው ሰው ከሳምንት ሳምንት እየሳሳ ነው። በዚህ ማንንም አንወቅስም። ዝናብ ቀጠሮ አይሰጥም፤ እርሻም ነገ ይደርሳል ተብሎ አይተውም።

ግን አንድ ነገር ያሳስበናል። ፊደል እንደ ማረሻ ነው፤ ካልሠሩበት ይዝጋል። አምና ክረምቱ ከመግባቱ በፊት አንድ ገጽ ሳይደናቀፉ የሚያነቡ አንዲት እናት ነበሩ። ሐምሌና ነሐሴ አለፉ፤ ከዚያ አጨዳው መጣ፤ ከዚያ ውቂያው። እስከ ታኅሣሥ ድረስ መጽሐፍ የሚባል ነገር አልነኩም። ሲመለሱ "ነ"ን ከ"ኘ"፣ "ደ"ን ከ"ጀ" መለየት አቃታቸው። "እነዚህ ፊደሎች ዘመዳሞች ናቸው መሰል፤ ሁሉም አንድ መሰሉኝ" አሉን። ሳቅን፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ከተማ ያለችው ልጃቸው የምትልከውን ደብዳቤ ራሳቸው ማንበብ ጀምረው ነበር። በታኅሣሥ የመጣውን ግን እንደ ድሮው ለጎረቤት ልጅ ሰጥተው አስነበቡ። "የልጄን ምስጢር ሰው ሰማብኝ" ነው ያሉት። ያንን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

ነገሩ በእሳቸው አልተጀመረም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር በየገጠሩ ብዙ ሕዝብ ፊደል ቆጠረ። ከጊዜ በኋላ መማሪያው በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተዘጋጀ። ያን ጊዜም ፊደል ማስቆጠሩ ብቻ እንደማይበቃ ታውቆ በብዙ ቀበሌዎች ንባብ ቤት ተሠራ። ያኔ ከተማሩት ውስጥ ዛሬ አያት የሆኑ በመንደራችን አሉ። አንዳንዶቹ አሁንም ያነባሉ፤ አንዳንዶቹ ከስማቸው በቀር ጠፍቶባቸዋል። የሚያነቡትን ስንጠይቃቸው ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ነው የሰጡን፤ ጋዜጣም ይሁን ዳዊት፣ የልጅ ደብተርም ቢሆን፣ ከእጃቸው የሚነበብ ነገር ጠፍቶ አያውቅም።

ስለዚህ ዛሬ እኛ አስተማሪዎቻችሁ የምንወዳቸውን መጻሕፍት እናካፍላችሁ። የእናንተን ደግሞ እናንተ ትነግሩናላችሁ።

መጀመሪያ ወፍራም መጽሐፍ አታንሡ። የከበደ ሚካኤልን "ታሪክና ምሳሌ" አንሡ። አጫጭር ታሪኮች ናቸው፤ እንስሳት እንደ ሰው ይናገሩባቸዋል፤ አብዛኞቹ በግጥም የተጻፉ ናቸው። ግጥም ለአዲስ አንባቢ ይከብዳል የሚል ሰው አጋጥሞናል። እኛ ተቃራኒውን ነው ያየነው። የግጥም መሥመር አጭር ነው፤ ቶሎ ያልቃል፤ ትንፋሽ ይሰጣል። ደግሞም ቤት ይመታል። የላይኛው መሥመር በ"ራ" ካለቀ፣ የታችኛውም በ"ራ" ሊያልቅ ነው። ያነበባችሁት ቃል ቤት ካልመታ ተመለሱና ፊደሉን እዩት፤ አንዱን ፊደል በሌላው ተክታችሁ አንብባችሁ ይሆናል። ጎን የሚቆም አስተማሪ ሳያስፈልጋችሁ ግጥሙ ራሱ ያርማችኋል ማለት ነው። አንድ ታሪክ በአንድ ምሽት ያልቃል። በማግስቱ አረም ላይ ሆናችሁ ለጎረቤት ትነግሩታላችሁ።

ድሮ የታተመ መጽሐፍ ካገኛችሁ ሁለት ነገር እንዳያስደነግጣችሁ። አንደኛው ነጥቡ ነው። በድሮው መጽሐፍ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ አለ፤ እንዲህ ያለ፦ ፡። ዛሬ በቦታው ባዶ ክፍተት እንተዋለን። ሥራው ያው ነው፤ ቃሉ እዚህ አለቀ ይላችኋል። አራቱ ነጥብ ግን ያኔም ዛሬም ዓረፍተ ነገር መዝጊያ ነው። ሁለተኛው ባለ ብዙ መልክ ፊደል ነው። "ሀ"፣ "ሐ"፣ "ኀ" ሦስቱም አንድ ድምፅ ናቸው። "ሰ" እና "ሠ"፣ "አ" እና "ዐ"፣ "ጸ" እና "ፀ" እንዲሁ። አንዱ ደራሲ "ፀሐይ" ይላል፤ ሌላው "ጸሐይ" ይላል፤ የምትሞቁት ፀሐይ ግን አንድ ነው። ዝም ብላችሁ እለፉ።

አሁን ወደ ትልቁ መጽሐፍ እንምጣ። "ፍቅር እስከ መቃብር" ይባላል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። የጎጃም ሰው ናቸው፤ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተዋግተው ተማርከው በጣሊያን አገር ለዓመታት ታስረዋል። መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተርኮት ስለነበር፣ ከእናንተ ውስጥ ዕድሜያችሁ ገፋ ያለው "ይሄንንማ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ" ትሉ ይሆናል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በዛብህ የድሀ ገበሬ ልጅ ነው። ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ተስለው ሰጡት። ቅኔ ተማረ፤ አዋቂ ሆነ። ከዚያ ፊታውራሪ መሸሻ የሚባሉ ትልቅ ባላባት ቤት ገባ፤ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ማንበብና መጻፍ ሊያስተምር። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ከርእሱ ትገምታላችሁ። (ስለ አስተማሪና ስለ ተማሪ ፍቅር እኛ ብዙ ባናወራ ይሻላል፤ እናንተው አንብቡት።) በፍቅሩ ጎን ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ፊታውራሪው በገበሬው ላይ ግብር ይጨምራሉ፤ ገበሬው እንቢ ይላል፤ አበጀ በለው የሚባል ሰው መሪው ይሆናል። መጨረሻውን አንነግራችሁም።

ይህን መጽሐፍ አንድ ማታ በክፍል ውስጥ ጮክ ብለን ማንበብ ስንጀምር አንድ አባት እጃቸውን አወጡ።

"እኒህ ሰዎች በእውነት ነበሩ ወይ?"

"የሉም አባባ፤ ደራሲው ናቸው የፈጠሯቸው፤ ልብ ወለድ ነው" አልናቸው።

"ታዲያ ያልነበረ ሰው ጉዳይ ለኔ ምኔ ነው? እኔ ዕድሜዬ ሄዷል፤ እውነቱን ለመማር ነው የመጣሁ። ውሸት ከሆነ ጋዝ አናቃጥል።"

ጥያቄው ቀላል አይደለም። በዩኒቨርሲቲም ሲጠየቅ ሰምተነዋል፤ እንዲህ አጥርቶ የጠየቀው ግን የለም። እኛ መልስ ስንፈልግ ከወደ በሩ የተቀመጡ ሌላ ሽማግሌ ተናገሩ። "ፊታውራሪ መሸሻ አልነበሩም ነው የምትለኝ? እኔ አውቃቸዋለሁ። ስማቸው ሌላ ነበር እንጂ። ልጅ ሆኜ አባቴ ማርና በግ ተሸክሞ ደጃቸው ላይ ቀኑን ሙሉ ሲቆም አብሬው ቆሜያለሁ። አልገባ ሲለው ይዞ ይመለሳል፤ በማግስቱ ደግሞ ይሄዳል።" ከዚያ ስለ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም፣ የገጠር መሬት አዋጅ ስለታወጀበት ቀን አወሩ፤ አባታቸው ወሬውን ሰምተው ለረጅም ጊዜ እንዳላመኑ ነገሩን። ማንም አላቋረጣቸውም። ሲጨርሱ የመጀመሪያው አባት "እንግዲያው አንብቡት፤ ያ ሰውዬ ግብሩን ሲጨምር ገበሬው ምን አለ?" አሉ።

ልብ ወለድ ማለት ይህ ነው። ሰውየው ላይኖር ይችላል፤ የደረሰበት ነገር ግን ደርሷል። ተረትም እኮ እንዲሁ ነው፤ ጅብና አህያ አብረው ሸንጎ ተቀምጠው አያውቁም፤ ግን ተረቱን ስንሰማ "ይሄ እገሌን ነው" እንላለን።

ጉዱ ካሣ የሚባል ሰው አለ በመጽሐፉ ውስጥ። የፊታውራሪው ዘመድ ነው፤ የጌቶችን አኗኗር ስለሚነቅፍ አገሩ ሁሉ እብድ ይለዋል። ክፍላችን በእሱ ለሁለት ተከፈለ። ጥቂት አባወራዎች "ዘመዱን የሚያዋርድ ምን ሰው ነው?" አሉ። እናቶቹ ግን "በዚያ ቤት አእምሮ ያለው እሱ ብቻ ነው" ብለው ተከራከሩ። እኛ ከእናቶቹ ጋር ነን።

መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው። አትፍሩት። ከሐምሌ መግቢያ ጀምራችሁ በቀን አራት ገጽ ብታነቡ፣ ለእንቁጣጣሽ ግማሹ ገደማ ትደርሳላችሁ። ቀሪው ለበጋ ነው፤ ማን ያባርራችኋል? ያልገባችሁን ቃል ከሥሩ በእርሳስ ስሱ አስምሩበትና እለፉ። ጎጃም ያልኖረ ሰው ሁሉ የማያውቀው ቃል ያጋጥመዋል፤ እኛንም ያጋጥመናል።

እናቶች "ጊዜ ከየት መጥቶ?" ይሉናል። እውነት ነው። ውኃው አለ፣ እንጨቱ አለ፣ ወፍጮው አለ፣ ልጁ አለ። ግን ቡና ሲፈላ ሦስትና አራት ሆናችሁ ትሰበሰባላችሁ አይደል? አንዷ ትቁላ፣ አንዷ ጥጥ ትፍተል፣ አንዷ ታንብብ። በሚቀጥለው ቀን ተራ ተለዋወጡ። ጮክ ብሎ ማንበብ አያሳፍርም፤ የቤተ ክህነት ተማሪም ዳዊቱን የሚደግመው ጮክ ብሎ ነው። አባወራዎች ሆይ፤ ለእናንተም አንድ ቃል አለን። አምና ከኛ የተዋሰውን መጽሐፍ ከብሩ ጋር ሣጥን ውስጥ የቆለፈ ሰው ነበር። እንዳይበላሽ ብሎ ነው፤ አሳቡ ክፉ አይደለም። ሚስቱ ግን ከእሱ የተሻለች አንባቢ ነበረች፤ ክረምቱን ሙሉ ገጹን ሳታየው አለፈ። ቁልፉን ስጧቸው።

ለመጽሐፉ ጥንቃቄ ከፈለጋችሁ ሌላ መንገድ አለ። አባቶች ዳዊታቸውን በቆዳ ማኅደር ከትተው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። ብልህ ሥራ ነው። መሬት ላይ ከሆነ ምስጥ አለ፤ ጎታ ሥር ከሆነ አይጥ አለ፤ የሚያፈስ ጣራ ሥር ከሆነ ነገሩ አበቃ። ማኅደር ከሌላችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ከላይ ላስቲክ አልብሳችሁ ስቀሉት። ማታ በኩራዝ ስታነቡ ኩራዙ ከመጽሐፉ ራቅ ብሎ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ ጋዝ የፈሰሰበት ገጽ አይታጠብም።

ሌሎችም አሉን። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት "አርአያ" በ1941 ዓ.ም የወጣ ነው፤ ፈረንሳይ አገር ተምሮ፣ አገሩን ሊጠቅም አስቦ ስለተመለሰ ሰው ይናገራል። ተምሮ የተመለሰ ልጅ ያላችሁ ውደዱት ወይም ተጣሉት፣ ግን አንብቡት። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ "ልብ ወለድ ታሪክ"፣ ብዙ ሰው "ጦቢያ" የሚለው፣ በ1900 ዓ.ም ሮም ከተማ ታተመ። "ልብ ወለድ" የምንለው ቃል ከዚህ ርእስ የመጣ ነው። ጦቢያ የተባለችው ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ከአባቷ ጋር የጠፋ መንትያ ወንድሟን ፍለጋ ትሄዳለች። ታሪኩ ልብ ያንጠለጥላል፤ አማርኛው ግን የጥንት ነው። ስለዚህ እሱን ቅዳሜ ማታ እኛ ጮክ ብለን እናነብላችኋለን።

በእናንተ በኩል ያለው ዕዳ ደግሞ ይህ ነው። የምታውቁትን አንድ ተረት ወይም አንድ የአለቃ ገብረ ሀና ቀልድ በደብተራችሁ ላይ ጽፋችሁ አምጡልን። አምስት መሥመር ይበቃል። ፊደሉ ቢጣመም ግድ የለም። ሰብስበን ሰፍተን ከመጻሕፍቱ ጋር ሣጥኑ ውስጥ እናስቀምጠዋለን፤ የሚዋስ ሰው የጎረቤቱን ጽሑፍ ያነባል ማለት ነው።

ሣጥኑ የሚከፈተው ቅዳሜ ከገበያ መልስ ነው። "ታሪክና ምሳሌ" ሦስት አለን፤ "ፍቅር እስከ መቃብር" ሁለት፤ "አርአያ" አንድ። ስማችሁን በመዝገቡ ላይ ራሳችሁ ትጽፋላችሁ፤ የጣት አሻራ አንቀበልም። ግንቦት ላይ "ጦቢያ"ን የወሰዳችሁት ወገናችን፣ ለቅዳሜው ንባብ ስለሚያስፈልገን እባክዎ እስከ ዓርብ ይመልሱልን፤ ካልጨረሱት ገጹ ላይ ምልክት ያድርጉ፣ ሰኞ መልሰን እንሰጥዎታለን።